የሱዳን ቀውስና ኢትዮጵያ

የሱዳን ቀውስ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በዳቦ ዋጋ ጭማሪ ተቀስቅሶ መንግሥት የጣለ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ እርስ በርስ ጦርነት የተለወጠ የፖለቲካና የኢኮኖሚ ምስቅልቅል ነው። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነባት ይህች ጎረቤት አገር ከኢትዮጵያ ጋር ረጅም ድንበርና የዓባይን ውሃ ትጋራለች። ስለዚህ የካርቱም መናወጥ በድንበር ከተማዋ መተማ፣ በአሶሳ አካባቢና በአዲስ አበባ ወዲያው ይሰማል፤ እንደ አርባ ምንጭ ያሉ ሩቅ ከተሞችም ቢሆኑ ከጎረቤት አገሮች ሰላም ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

የችግሩ ሥር ኢኮኖሚ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ካርቱም ከነዳጅ ዘይት ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። የውጭ ምንዛሪው ነጠፈ፣ የሱዳን ፓውንድ ወደቀ፣ መንግሥት ስንዴና ነዳጅ የሚደጉምበት አቅም ተሟጠጠ። በ2010 ዓ.ም. ሰው በባንክ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ ለማውጣት እንኳ ረጅም ሰልፍ ይጠብቅ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የባቡር ሠራተኞች ከተማ በሆነችው አትባራ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 ፓውንድ ከፍ ብሎ ነበርና። ተቃውሞው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ሚያዝያ 3 ቀን ጦሩ ለ30 ዓመት ገደማ የገዙትን ኦማር አል በሽርን ከሥልጣን አወረደ።

ቀጥሎ የመጣው የኢትዮጵያ ሽምግልና ነው፤ አገሪቱ በቀጠናው ካከናወነቻቸው ዲፕሎማሲያዊ ሥራዎች መካከልም በበጎ ሊጠቀስ ይገባዋል። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የሰፈሩት ሰልፈኞች በጥይት ተበተኑ፤ ብዙዎች ተገደሉ። ከአራት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ካርቱም ገቡ። ልዩ መልእክተኛው አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ከአፍሪካ ኅብረት ተወካይ ጋር ሆነው ወታደሮቹንና ሲቪሎቹን አደራደሩ፤ የሥልጣን ክፍፍል ስምምነቱም ነሐሴ 11 ቀን ተፈረመ። ሽምግልና የሚጸናው ግን አስታራቂው ሲከበር ነው፤ በዚያው ዓመት መግቢያ፣ በመስከረም ወር፣ አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ግድያ ተከትሎ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው መልሰዋቸው ነበር። የጋሞ አባቶች ቃል የተከበረው ወጣቱ ስለሚያፍራቸው ነው። የካርቱም ጄኔራሎች ግን የሚያፍሩት ሰው አልነበራቸውም፤ ስምምነቱ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ቆየ።

የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ ቀደም ሲል በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያገለገሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ ናቸው። የነዳጅ ድጎማውን አነሡ፤ የዋጋ ንረቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከ400 በመቶ አለፈ። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ጄኔራል አብደል ፋታህ አል ቡርሃን መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ።

በዚህ መሐል የሁለቱ አገሮች ግንኙነትም ሻክሯል። የትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ሰሊጥና ጥጥ ያመርቱበት ወደነበረው የድንበር አካባቢ፣ ወደ አልፋሽቃ፣ ገባ። የድንበሩ ክርክር ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ከፈረሙት ውል ጀምሮ መቋጫ ያጣ ነው።

አርባ ምንጭ የምትገኝበት ጋሞ ዞን ከሱዳን ጋር አይዋሰንም። ሆኖም የአርባ ምንጭ ሙዝ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የሚጓዝ፣ ቶሎ የሚበላሽ ምርት ስለሆነ የነዳጅ ጉዳይ ይነካዋል። ኢትዮጵያ ቀደም ሲል ቤንዚን ከሱዳንም ትገዛ ነበር፤ ዛሬ ነዳጇም ማዳበሪያዋም በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። ከባሕሩ ማዶ፣ በየመን፣ የሁቲ ታጣቂዎች ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦችን ሲያጠቁ የመጓጓዣና የመድን ወጪ ንሯል። በአብዛኛው በአንድ መውጫ በር የሚገለገል አገር የጎረቤቱን ሰላም እንደ ራሱ ሰላም ሊቆጥረው ግድ ነው። በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የውሃ መሐንዲሶችን አፍርቷል፤ የዓባይ ጉዳይ ግን ያለ ተረጋጋች ሱዳን እልባት አያገኝም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ የሚደርሰው ሱዳን ውስጥ ወዳለው ሮሴሬስ ግድብ ነው።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፈነዳ። ቀኑ ለሙስሊሙ የረመዳን መገባደጃ፣ ለኦርቶዶክሱ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። የአል ቡርሃን ጦርና በሐሚቲ ስም የሚታወቁት ሞሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ የሚመሩት ፈጣን ደራሽ ኃይል ካርቱም መሐል ተታኮሱ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። በሱዳኗ የድንበር ከተማ ጋላባት በኩል መተማ ከገቡት መካከል ካርቱም ውስጥ ሻይ በመሸጥና በቤት ሠራተኝነት ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ቀደም ሲል ከትግራይ ሸሽተው ሱዳን የገቡ ስደተኞችም ጦርነት በድጋሚ ደረሰባቸው።

ሱዳናውያኑ በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ገብተው ተጠለሉ። የአማራ ክልል ራሱ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ውስጥ ስለገባ መጠለያዎቹ ለዘረፋና ለጥቃት ተጋለጡ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ሺህ ያህል ስደተኞች አውላላን ጥለው በእግር ወጥተው በመንገድ ዳር ሰፈሩ። በኋላ የመጠለያዎቹ ስደተኞች አፍጢት ወደተባለ ሥፍራ ተዛወሩ። ሰላም ፍለጋ የመጣ እንግዳ ባደረበት ሲዘረፍ ማየት ያሳፍራል፤ እሱን መጠበቅ የመንግሥትም የኅብረተሰቡም ኃላፊነት ነበር።

በሱዳን፣ የአል ቡርሃን ጦር ካርቱምን በ2017 ዓ.ም. መልሶ ያዘ። ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዳርፉሯ ኤል ፋሽር ከአንድ ዓመት ተኩል ከበባ በኋላ በፈጣን ደራሽ ኃይል እጅ ወደቀች።