የትውልድ ቦታ በአንድ ሳጥን

ትውልድ መቁጠር በአገራችን የወግ ያህል ብቻ አልነበረም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የበጌምድር ገበሬ የርስት ድርሻ የሚጠይቀው ዘሩን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ነበር፤ የሰውና የቦታ ስም አብረው ካልተጠሩ ቆጠራው ሙግት አይረታም። ዛሬ ሙግቱ ቀርቶ ቆጠራው ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ታዲያ የቤተሰብ ታሪክ መመዝገቢያው ፕሮግራም «የትውልድ ቦታ» ብሎ አንዲት ሳጥን ይከፍትልንና ከተማ፣ ዞን፣ ክልል፣ አገር እያላችሁ ሙሉ ይለናል።

እስቲ ደብረ ታቦርን እንውሰድ። በ1950 ዓ.ም. እዚያ የተወለዱ አያት የተወለዱት በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በደብረ ታቦር አውራጃ ነው። ደርግ ክፍለ ሀገሩን ጎንደር አለው፤ በ1980 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ በአማራ ክልል የደቡብ ጎንደር ዞን ነው። አያት ከቤታቸው ሳይነቁ አራት ቦታ ተወለዱ ማለት እኮ ነው!

ስሙም ያሳስታል። ታቦር የገሊላው ተራራ ነው፤ «ደብረ ታቦር» ነሐሴ 13 የሚውለው የቡሄ በዓልም ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ደብረ»ን አንዱ በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኤ» ይጨርሰዋል፤ ፕሮግራሙም ሁለት ከተማ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጋፋትንም እንይ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ናት፤ በጋፋት ቋንቋ ይናገር የነበረው ሕዝብ ግን የኖረው በጎጃም በኩል፣ ዐባይ ዳር ነው። «ጋፋት» ብሎ ብቻ የተወ ሰው ዘመዱን ዐባይ ያሻግረዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት ቦታው ሰውየው በተወለደበት ዘመን በነበረው ስም ይጻፍ፤ የዛሬው መጠሪያ በማስታወሻ ይከተል። እንደ ግራምፕስ ያሉ ፕሮግራሞች ለአንድ ቦታ ብዙ ስም ከነዘመኑ ይቀበላሉ። ከሁሉ በላይ አጥቢያው አይቅር። አውራጃው ፈርሷል፣ ወረዳው ተከፋፍሏል፤ የጋይንት አውራጃ እንኳ ዛሬ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት በሚባሉ ወረዳዎች ነው የሚታወቀው። ሽማግሌ ግን መንደሩን የሚለየው በታቦቱ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። የርስቱን፣ የወንዙን፣ የአጥቢያውን ስም በቃሉ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ፋርጣ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ የምትወርዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሳጥኑ ይቆየንና መጀመሪያ እነሱን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም በራሳችን ፊደል እንጻፈው።