ኮሶ፣ የፎገራ ከብትና የመክሳት ምኞት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «አባቶቻችን ኮሶ እየጠጡ ሸንቃጣ ሆነው ኖረዋል፤ እኛስ ውፍረት ለመቀነስ ብንጠጣው?» ይሉኛል። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነውና በታሪክ ልመልሰው።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የግጦሽ አገር ነው። የፎገራ ከብት በወተቱም በሥጋውም የታወቀ ነው። ከብት በበዛበትና ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል አይጠፋም፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ባልበሰለ ሥጋ ነውና። መድኃኒቱ ግን የሜዳ ተክል አይደለም። የኮሶ ዛፍ ብርድ ይወዳል፤ የሚበቅለው እንደ ጉና ባሉ ደጋዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ከነሥዕሉ ገልጾታል። እርሱና ተከታዮቹ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የደረቀውን አበባ በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ዓላማውም ትሉን ማስወጣት እንጂ መክሳት አልነበረም።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። «ወፈርክ» ማለት ምስጋና ነበር፤ «ምነው ከሳህ?» ደግሞ የሐዘኔታ ጥያቄ። ክሳትን የሕመም ምልክት አድርጎ የሚያይ ሕዝብ፣ ለመክሳት ብሎ ያን መራራ አይጠጣም። ኮሶ በማስቀመጥ የሚያወርደው ክብደትም ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ዓይን እስከ ማጥፋት የደረሰ ጉዳት በአገራችን የሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ከእኛ በተለየ፣ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ስለ ውፍረት የራሱ ትምህርት አለው። ጣፊያ ሲደክም በሰውነት ውስጥ እርጥበትና አክታ ይከማቻል ይላል፤ ባለሙያው የደም ሥር ምት ዳስሶ፣ ምላስ አይቶ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ያዛል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 ብራስልስ በሚገኝ አንድ የማክሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅዋት ከዘመናዊ ክኒኖች ጋር ተደባልቀው ለብዙ ሴቶች ተሰጡ። በስም መቀራረብ ምክንያት አንዱ ዕፅ በሌላ መርዛማ ዕፅ ተተካ፤ ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ሐኪሞች ጉዳዩን በ1993 ይፋ አደረጉት።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። «ባህላዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መድኃኒቱ ለምን፣ ለማን፣ በምን ልክ፣ ለስንት ጊዜ ይሰጥ እንደነበር መጠየቅ አለብን። ብራስልስ ላይ ስሙ ተወስዶ ሥርዓቱ ቀረ። ኮሶን ለማክሻ የሚያስብም አበባውን ወስዶ ዓላማውን መጣሉ ነው።

ለትሉ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ክኒን አለ። ለክብደት ግን ኮሶ ድሮም መድኃኒት አልነበረም፤ ክብደቱ ያሳሰበው ሰው ሐኪም ያማክር።