ግብሩ ተጽፏል፤ ሙያውስ?

እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ለቀናት የዘለቀውን ድግስ ያሰናዱት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። እቴጌ ለመባል ገና ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል። የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የዘመቻውንና የሹመቱን ነገር ሲመዘግቡ ይህን ግብር አልዘነጉትም፤ ለእንግዳው የቀረበውን ወጥ በየዓይነቱ ጽፈው አቆይተውልናል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ለዚሁ ድግስ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው ገበታ መልክ የያዘው እንዲህ ባለው የቤተ መንግሥት ማዕድ ነው ባይ ነው። ሐሳቡ ያሳምናል፤ ቆጮና ቡላ ወደሚበላበት አገር ሲሻገር ግን ይሳሳል።

ይሁንና ገብረ ሥላሴ የነገሩን ምን እንደተበላ ነው። እንዴት እንደተሠራ አልነገሩንም፤ ጓዳ አልገቡማ!

ከእርሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ ናቸው። «ሥርዓተ ግብር» የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ በነገሥታቱ ማዕድ ለማን ምን እንደሚቀርብ ይዘረዝራል። ትኩረቱ ገበታው ነው፤ ጓዳው አይደለም።

ብራናውን በማትረፍ በኩል ግን የሠራነውን ሥራ መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሁለት የአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆና የየገዳሙንና የየአድባራቱን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመረች። ከ9,000 የሚበልጡ ብራናዎች ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ ተሻገረ። እዚያ ሆነው ፊልሙን ገጽ በገጽ ሲያነቡና ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው እግራቸው ከድቷቸው የነበሩ ሰው ናቸው። ከተሽከርካሪ ወንበር ሳይነሡ የአገራቸውን ዕቃ ቤት ለዓለም ከፈቱ። ዛሬ ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠው ጎንደር የተቀመጠ ተማሪ በስልኩ ያነባቸዋል።

ለጓዳው እንዲህ ያለ ሰው አልተነሣለትም። አንዲት ባለሙያ አብሲት ስትጥል አስቡ። የተቦካው ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ከርሟል። ላዩ ላይ የቀረረውን ውኃ ትቀዳለች፤ ከሊጡ ቀንሳ በፈላ ውኃ እያማሰለች ታበስልና በረድ ሲል ወደ ቡኮው ትመልሰዋለች። ሊጡ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። ምጣዱን በጎመንዘር አሰስ አድርጋ ሊጡን ታዞራለች፤ ዓይኑ ሲወጣ አክምባሎውን ትከድናለች። አብሲቱ ስንት ስኒ ነው? ሊጡ ምን ያህል ይቅጠን? ብትሏት መልሷ «እጅሽ ይነግርሻል» ነው። እጅ የሚያውቀውን ብራና አይዘውም። የሚይዘው ተንቀሳቃሽ ምስልና ድምፅ ነው፤ ያ ደግሞ ዛሬ በየኪሳችን አለ።

ጉዳዩ የትዝታ ብቻ አይደለም፤ የመብትም ነው። የጤፍን ዱቄት አዘገጃጀት የሚመለከት ፓተንት አንድ የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓ አስመዝግቦ ለዓመታት ይዞት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሔግ ያለው ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። የሚያስተዛዝበው፣ ተካሳሾቹ ሁለቱም የሆላንድ ድርጅቶች መሆናቸው ነው፤ የጤፍ ባለቤት በክርክሩ አልነበረችም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባህላዊ ዕውቀቷን በዲጂታል መዝገብ ማደራጀት የጀመረችው እንዲህ ካለው ጣጣ ለመዳን ነው። የፓተንት መርማሪ «ይህ አዲስ ነው» ከማለቱ በፊት መዝገቡን ያያል።

ዲጂታል ሆነ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። ከመቅደላ የተዘረፉትን ብራናዎች የያዘው የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ በርካታዎቹን በኢንተርኔት ለቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት ዲጂታል ስብስቡ ለረጅም ጊዜ ከአንባቢ ዓይን ተሰወረ። ብራናዎቹም ምስሉም በሰው እጅ ሲሆን መጠበቅ ብቻ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ቅጂው አገር ቤትም ይኑር፤ አንድ ቦታ ብቻም አይቀመጥ።

መንግሥት ማዕከል እስኪያቋቁም መጠበቅ አያሻም። በዚህ ሳምንት እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጓዳ ገብታችሁ ቅረጹ። «በደንብ ይማሰላል» ስትላችሁ አትለፏት፤ እስከ መቼ እንደሆነ፣ በምን እንደምታውቀው ጠይቋት። ፈቃዷን አግኙ፣ ስሟንና የተማረችበትን አገር፣ ቀኑንም በቅጂው ላይ ጻፉ፤ ስምና ቦታ የሌለው ቪዲዮ ለታሪክ ጸሐፊ ብዙም አይረባም። አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ አስቀሩ፤ ሌላውን በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ።