ደባርቅ

ደባርቅ በአማራ ክልል የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ በመሆኗ፣ ወደ ተራሮቹ የሚሄድ የእግር ተጓዥ አብዛኛውን ጊዜ ጉዞውን የሚጀምረው ከዚህች ከተማ ነው። የደባርቅና የዙሪያዋ ኑሮ በአመዛኙ በእርሻና በከብት ርባታ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ቱሪዝም ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል። ገበሬውም ጎብኚውም የሚፈልጉት ያንኑ ተራራ በመሆኑ፣ ሁለቱን ማስታረቅ የአካባቢው ዋና ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

መልክዓ ምድርና አየር ንብረት

ከጎንደር የሚነሳው መንገድ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከከተማዋ በስተሰሜን መሬቱ በድንገት ይቆረጥና የሊማሊሞ ቁልቁለት ይጀምራል። መንገዱ በብዙ ጥምዝምዝ ወደ ዛሪማ ቆላ ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ይቀጥላል። በስተምሥራቅ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ከፍታ ይዘልቃል።

አየሩ ደጋ ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይጥላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ሲሆን፣ በተራሮቹ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል።

ታሪክ

ሊማሊሞ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ወደብ በሚወስደው የጥንት የሲራራ ንግድ መስመር ላይ የሚገኝ አስቸጋሪ መተላለፊያ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲሄድ ይህን አቀበት ወጥቷል። የመኪናው መንገድ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።

የሰሜን አውራጃ በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወቅበት ሌላው ነገር የደራስጌ ጦርነት ነው። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ድል ካደረጉ በኋላ፣ በደራስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠዋል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ

ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲጀምር ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። መጀመሪያ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ስፋቱ ኋላ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አድጓል።

ዋልያ በተፈጥሮ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በፓርኩ ይገኛሉ። ጭላዳ በዋናነት ሣር የሚመገብ ዝንጀሮ ነው፤ ቀን በሜዳው ሲግጥ ውሎ ሌሊቱን በገደል ላይ ያድራል። ከዕፅዋት መካከል አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ይጠቀሳሉ። የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ራስ ደጀን (ራስ ዳሽን) 4,533 ሜትር ከፍታ አለው፤ በቀድሞ ካርታዎች ላይ 4,620 ሜትር ተብሎ ይጻፍ ነበር።

የእግር ጉዞ

ተጓዦች ደባርቅ ላይ የመግቢያ ክፍያ ከፍለው መሣሪያ የያዘ የፓርክ ስካውት ይመደብላቸዋል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ጓዝ የሚጭኑ በቅሎዎችም ከነነጂዎቻቸው የሚገኙት በከተማዋ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጅተው ሥራውን በተራ ይካፈላሉ፤ ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ ወደ ገበሬው ቤት ከሚገባባቸው ቀጥተኛ መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

የተለመደው መስመር ሦስት የድንኳን ሰፈሮችን ያገናኛል፤ እነሱም ሳንቃ በር (3,250 ሜትር)፣ ግጭ (3,600 ሜትር) እና ጨነቅ (3,620 ሜትር) ናቸው። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ሲኬድ የጅንባር ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር በሚጠጋ ገደል ሲወርድ ይታያል። ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ በእሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) በኩል ሲያልፍ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ራስ ደጀንን መውጣት የሚፈልጉ ከጨነቅ ተነስተው የቧሂትን መተላለፊያ ይሻገራሉ፤ ከዚያም ወደ መሸሃ ወንዝ ወርደው አምቢቆ መንደር ያድራሉ፤ በማግስቱ ሌሊት ተነስተው ጫፉን ይወጣሉ።

የመንገዱ ዋና ፈተና ከርቀቱ ይልቅ ከፍታው ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ፈጥኖ ከወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያጋጥመው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሌሊት ደባርቅ ማደር፣ ውኃ በብዛት መጠጣትና ቀስ ብሎ መውጣት ይመከራል። ሕመሙ ከባሰ መፍትሔው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

ምግብና መጠጥ

የአካባቢው ዋና ሰብል ገብስ ነው። ጤፍ ብርድና ውርጭ ስለማይችል ከተራሮቹ ከፍተኛ ክፍል ላይ አይበቅልም፤ ከተማ ውስጥ የሚበላው የጤፍ እንጀራ ዝቅ ካሉ አካባቢዎች በሚመጣ እህል ይጋገራል። በደጋው መንደር ግን እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ገንፎውም፣ ጠላውም ከገብስ ይሠራል። ከገብስ በተጨማሪ ባቄላ፣ አተር፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይመረታሉ።

ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆኑት ቆሎና በሶ ናቸው። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ሲሆን፣ በውኃና በጥቂት ጨው ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ጠጠር ተደርጎ ይታሻል። እሳት ስለማይፈልግና ቶሎ ስለማይበላሽ፣ በቅሎ ነጂዎችም እረኞችም ይይዙታል። በተራራው ላይ በዱር የሚበቅለው ጦስኝ ደግሞ እንደ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል፤ ለወጥ ማጣፈጫም ይውላል።

በደባርቅ ምግብ ቤቶች ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ የበግ ጥብስና በየዓይነቱ የተለመዱ ናቸው። የነዋሪው አብዛኛው ክፍል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን በመሆኑ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና ወተት በቀላሉ አይገኝም። በነዚህ ቀናት የእግር ተጓዥ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ያገኛል።

ከፍታው በማብሰያው ላይም ለውጥ ያመጣል። አየሩ ሲሳሳ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ደባርቅ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ግጭ ላይ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። በዚህ ምክንያት ምስርና ባቄላ ለመብሰል ከቆላው የበለጠ ጊዜና ማገዶ ይወስዳሉ። ማገዶው ከአስታ ደን እንዳይቆረጥ የፓርኩ ሕግ ስለሚከለክል፣ ተጓዦች የጋዝ ምድጃ ይዘው እንዲወጡ ይመከራል።

ፓርኩና ነዋሪው

ፓርኩ ሲከለል በውስጡ የሚያርሱና ከብት የሚያሰማሩ መንደሮች ነበሩ። የእርሻው መስፋፋት፣ ግጦሹ፣ የዋልያ ቁጥር መመናመንና በፓርኩ ውስጥ የተሠራው መንገድ ቅርሱን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች ትልቁ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የግጭ መንደር ነዋሪዎች መነሳት ነው። ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ለፓርኩ ሣሩ ተመልሶ ማደጉ ትልቅ ውጤት ነው። ገብስ ዘርተውና በግ አርብተው ይኖሩ ለነበሩት ሰዎች ግን የከተማ ኑሮ ሌላ ሙያ መፈለግን የሚጠይቅ ሆነ። መሬቱን ለቆ የወጣ ገበሬ ከፓርኩ የሚጠብቀው አንዱ ጥቅም የጎብኚው ገንዘብ ሲሆን፣ ይህም ገቢ በራሱ አስተማማኝ አለመሆኑ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጉዞን አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት የጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም እስከ ደባርቅ አቅራቢያ ደርሶ፣ ከተማዋ ከቱሪስት ይልቅ ተፈናቃዮችን የምታስተናግድ ሆነች። ከዚያም ወዲህ በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ጉዞ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።