አሮጌው ድልድይ
ሞስታር፣ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና። ጥርብ ድንጋይ። 1566 እ.ኤ.አ.፤ ዳግም ግንባታ 2004።

የኔሬትቫን ወንዝ የሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ አላስተማምን ሲል፣ የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን በድንጋይ እንዲተካ አዘዘ። ግንባታውን የመራው ሚማር ሃይሩዲን ነው። ወደ 29 ሜትር የሚጠጋውን ስፋት አንድ ቅስት ብቻውን ይሻገረዋል፤ ወንዙ ውስጥ የቆመ ምሰሶ የለውም። ድንጋዮቹን የሚያያይዙት የብረት ቁርጥራጮች በቀለጠ እርሳስ ተደፍነዋል። ይህ ጥንቃቄ ድልድዩን ከአራት መቶ ዓመት በላይ አቆመው።

በቦስኒያ ጦርነት ወቅት፣ ኖቬምበር 1993 እ.ኤ.አ.፣ የክሮአት ኃይሎች መድፍ አፈረሰው። የሰው ሕይወት በሚረግፍበት ከተማ ለድንጋይ ማልቀስ ነውር አልነበረም፤ ድልድዩ የሁሉም ነበርና። የሃንጋሪ ጦር ጠላቂዎች ፍርስራሹን ከወንዙ አወጡ፤ አብዛኛው ግን ለዳግም ግንባታ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ የአካባቢው ተነሊያ ድንጋይ በጥንቱ ስልት ተጠረበ። ዩኔስኮ ድልድዩንና አካባቢውን በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።