«ስኩል» የሚለው ቃል ትርጉምና ታሪክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ነገር ግን ሰው ዘወትር በአፉ የሚያመላልሰው ስም ከየት እንደ መጣ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኛም የዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች «ስኩል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስናነበውና በደብተራችን ሽፋን ላይ ስንጽፈው ኖረን፥ ትርጉሙን የመረመርነው ልንሰናበተው ስንል ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ስለዚሁ ቃል ትርጉም፥ አገባብና አመጣጥ ጥቂት ብንጽፍ ለአንባቢ ሳይጠቅም አይቀርም ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ አገባቡን እንመልከት። በእንግሊዝኛ «ጎ ቱ ስኩል» ሲባል ለመማር መሄድ ማለት ነው። በመካከሉ «ዘ» ከገባበት ግን ወደ ሕንፃው መሄድ ብቻ ይሆናል፤ ስለ ልጁ ጠባይ ተጠርቶ የሚመጣ አባት የሚሄደው በዚህ በሁለተኛው ነው። ደግሞም አንድ ዓይነት አሳብ የሚከተሉ ሊቃውንት በአንድነት «ስኩል» ይባላሉ። «ስኮላር» ማለት ሊቅ፥ «ስኮላርሺፕ» ማለትም ለተማሪ የሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ከዚሁ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በውሃ ውስጥ ተሰብስቦ የሚሄደው የዓሣ መንጋም «ስኩል» ይባላል፤ ይህ ግን በድምፅ ብቻ የተገናኘ ሌላ ቃል ነው፤ መንጋ ማለት ሆኖ ከሆላንዶች ቋንቋ የመጣ ነው። ዓሦቹ ፊደል አልቆጠሩም።

አሁን ወደ አመጣጡ እንለፍ። እንግሊዞች ቃሉን ያገኙት ከላቲኑ «ስኮላ» ሲሆን፥ ላቲኖችም የወሰዱት «ስኾሌ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። የጀርመኑ «ሹሌ»፥ የፈረንሳዩ «ኤኮል»፥ የጣልያኑም «ስኩኦላ» የዚሁ ልጆች ናቸው። የግሪኩ «ስኾሌ» የመጀመሪያ ትርጉም ታዲያ ትምህርት አልነበረም፤ ፋታ ማለት ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ ከመካከላችን ያልሳቀ አልነበረም። በፈተና ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ተማሪ ሥራው ፋታ ተብሎ ሲጠራ እንዴት አይስቅ! ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በጥንቱ የግሪክ አገር ከእርሻና ከቤት ሥራ ነጻ የሆነ ሰው በፋታው ጊዜ ከባልንጀሮቹ ጋር ይነጋገርና ይመራመር ነበር። ቆይቶ ቃሉ ለንግግሩ፥ ቀጥሎም ለንግግሩ ቦታ ስም ሆነ። የጌታውን እርሻና የቤቱን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ግን ባሮች ነበሩ። ስለዚህ የአንዱ ፋታ የሌላው ድካም ነበር ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ ስሙ የተሰጠው በሌላ መንገድ ነው። «ትምህርት ቤት» ስንል የሚሠራበትን ሥራ፥ ቀድሞ ይባል እንደ ነበረው «ተማሪ ቤት» ስንልም የሚኖርበትን ሰው መጥራታችን ነው። በቤተ ክርስቲያንም ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት፥ መጽሐፍ ቤት እየተባለ ሁሉም በትምህርቱ ይጠራል። ሆኖም የግሪኩ ቃል እኛም ዘንድ ደርሷል። ሽማግሌዎቻችን ዘመናዊውን ትምህርት ቤት «አስኳላ» ይሉታል፤ ድምፁን ብናነጻጽረው ለጣልያኑ «ስኩኦላ» በጣም የቀረበ ነው። ከእንቁላሉ «አስኳል» ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ እንግሊዞች ዓሣና ተማሪ እንደሚያሳስቱ እኛም እንቁላልና ተማሪ እናሳስታለን።

በሰሜን ሸዋ የዚህ ነገር ታሪክ ረጅም ነው። ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ በነበረችበት ጊዜ፥ በ1831 ዓ.ም. ክራፕፍና ኢዘንበርግ የተባሉ ሁለት የጀርመን ተወላጆች የሆኑ ሚሲዮናውያን መጡ። ኢዘንበርግ ከጥቂት ወራት በኋላ ሸዋን ለቆ ሄዶ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት በለንደን አሳተመ። ክራፕፍ ግን እዚያው ቆይቶ ልጆችን ለማስተማር ይጥር ነበር። ንጉሡ ከመንፈሳዊ አስተማሪ ይልቅ ሐኪም፥ ግንበኛና አንጥረኛ ቢያገኙ እንደሚመርጡ ራሱ ክራፕፍ ጽፏል። ንጉሡን በዚህ መውቀስ አይገባም። መንፈሳዊ አስተማሪ በአገራቸው ሞልቷል፤ የጎደላቸው የእጅ ጥበብ ነበር።

በእርግጥም በዚያ ዘመን በየደብሩ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ነበር። እርሱም ሲማር አያርስም፥ አያጭድም። ታዲያ ማን አበላው? በየደጃፉ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን፥ ከማጀቷ ቁራሽ አውጥታ የምትሰጠው የገበሬ ሚስት አበላችው። የግሪኩን ጌታ ፋታ የሰጠው ባሪያ ነው፤ የቆሎ ተማሪውን ፋታ የሰጠችው ግን ወድዳና ፈቅዳ ነው። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ በደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ መምህራኑም ከግብፅ የመጡ ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ይህ ሁሉ ተቋረጠ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም የተማሩ ወጣቶች እየተለዩ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ፥ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፥ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን ገነነና «ሃይስኩል» የሚለው ቃል በአማርኛችን ገባ። ዛሬ በደብረ ብርሃን በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ጣልያንን ሲዋጋ በወደቀ ጀግና ስም የሚጠራውን ቤት ሽማግሌ በጣልያን ቃል «አስኳላ» ቢለው ግርምት ነው፤ ቃል ግን ድንበርም ጠላትም አያውቅም።

ይህን ሁሉ ከመረመርን በኋላ ከመካከላችን አንዱ ለእረፍት ወደ አገሩ ሄዶ ለታላቅ ወንድሙ የቃሉን ትርጉም ነገረው። ይህ ወንድም አባታቸው በታመሙ ጊዜ ከ6ኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ በጎችና እርሻ የተረከበ ነው። ጥቂት ዝም አለና «ፋታ ማለት ከሆነ እኔም ተምሬያለሁ ማለት ነው፤ ያንተን ፋታ ስከፍል የኖርሁት እኔ ነኝና» አለው። ጓደኛችን ይህን ሲነግረን የሳቀ አልነበረም። እያንዳንዳችን በውርጭ ተነሥታ ውሃ የቀዳችልንን እኅት፥ በአጨዳ ጊዜ ብቻውን የዋለውን አባት አሰብን።

ፋታ ሲታጣ ምን እንደሚሆንም ዘመናችን አሳይቶናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ግድግዳውና ጥቁር ሰሌዳው ቢኖርም፥ ሰላም ከሌለ «ስኾሌ» የለም።

እንግዲህ የቃሉ ታሪክ ያስተማረን ይህ ነው፤ የተማርንባቸው 12 ዓመታት የእኛ ብቻ አልነበሩም፤ ሌላ ሰው ደክሞ የሰጠን ፋታ ነበሩ። ብድሩንም በምስጋና ብቻ መክፈል አይቻልም። በየሄድንበት፥ ፋታ ላጣ ለአንድ ልጅ ፋታ በመስጠት ይከፈላል። ይህን የምናደርግ ከሆነ ሽማግሌዎቻችን «የአስኳላ ልጆች» ሲሉን ስሙ በእውነት የሚገባን እንሆናለን።