ዱካ የጻፈው ታሪክ



የጥንት ባሕር ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክረው አጥንት ብቻ አይደለም። አጥንትንና ቅርፊትን ጎርፍ ከሞቱበት አንሥቶ ሌላ ሥፍራ ሊጥላቸው ይችላል። ጉድጓድና ዱካ ግን ከተሠሩበት ጭቃ አይለዩም፤ ምስክርነታቸው ስለዚያው ቦታ ነው።

ይህ እስኪታወቅ ብዙ ክርክር አልፏል። ፈረንሳዊው አዶልፍ ብሮኛር እ.ኤ.አ. በ1828 ባሳተመው ጥናት፣ በድንጋይ ላይ የሚታዩትን ቅርንጫፋም መስመሮች ከባሕር ተክል መደባቸው። ስዊድናዊው አልፍሬድ ናቶርስት ግን ትላትልንና መሰል ፍጥረታትን በለስላሳ ጭቃ ላይ አስኪዶ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የእንስሳት ዱካ መሆናቸውን በ1881 አስረዳ።

በ1967 ደግሞ ጀርመናዊው አዶልፍ ዛይላኸር ዱካውን ከባሕሩ ጥልቀት ጋር አዛመደው። ይኸውም፣ ማዕበል በሚያናውጠው የዳርቻ አሸዋ ውስጥ ፍጡሩ ለመጠለል ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይቆፍራል፤ ምግቡን ውሃው ያመጣለታል። ጸጥ ባለው ጥልቅ ባሕር ግን ምግብ በጭቃው ላይ በስሱ ስለሚሰፍር፣ እንደሚያርስ ገበሬ ትልም በትልም እየተመላለሰ ይለቅማል።

እንግዲህ ታሪክ በግዙፎቹ አጥንት ብቻ አልተጻፈም። አካሉ ከቶ ያልተገኘው ትንሽ ትልም የኖረበትን ቦታ በቁፋሮው መዝግቦ አልፏል።